የሯጩ ቅቤ

ሰው ሲበላ የማየት ዕድል እንደ ነጋዴ የተሰጠው የለም። ሶዶ ገበያ ዳር በነበረችው ሱቄ ጨው፣ ማር፣ በርበሬ፣ አቡጀዴና የደረቀ ኮሶ እሸጥ ነበር። ሚዛኔ ላይ የወጣው ሁሉ የማን ሆድ እንደሚገባ አውቃለሁ። ማን በልቶ እንደሚያመሰግን፣ ማን በልቶ እንደሚያማርር፣ ማን ደግሞ ጾሙን ውሎ ጥርሱን እየጎረጎረ እንደሚወጣ እለያለሁ። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የአንድ መልከኛ ሹም ሯጭ ሲበላ እንዳየሁት ያለ ከንቱ አበላል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ አባቶቼ ከስልጤ አገር የመጡ እስላም ነኝ፣ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም። ግብር ቤት ስጠራ እጄ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። እጅ ሥራ ሲፈታ ዓይን ይበረታል። ስለዚህ ይሄ ሰውዬ በቅናት ነው የሚያወራው የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። በንቀት ነው።

ሯጩ ድሮ ማንም የማያውቀው ሰው ነበር። የመልከኛውን ደብዳቤ በተሰነጠቀ እንጨት ጫፍ ሰክቶ ወደ ቢጠና የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ስንቁ አንድ እፍኝ የበቆሎ ቆሎ ሲሆን፣ ከዚያ በተረፈ ያለፈበት ቤት ሁሉ የተቀቀለ ቦይና ይሰጠዋል። ቦይና ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው ሥር ነው፤ በወላይታ ምድር ከእንሰት ቀጥሎ ሰውን አቁሞ የሚያስኬደው እሱ ነው። በዚህ ስንቅ ሄዶ ሲመለስ ላቡን ጠርጎ «ሌላ ወረቀት አለ?» ይል ነበር ይባላል።

አንድ ዓመት በመስቀል ሰሞን ገዢው ሹማምንቱ ሁሉ ሯጫቸውን እንዲያቀርቡ አዘዙ። ከሶዶ ገበያ ተነስቶ ጉኑኖ ደርሶ፣ እዚያ ክንድ ላይ ቀይ ክር አሳስሮ መመለስ ነው። ሽልማቱ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ። ይሄ መልእክተኛ አሸነፈ። እንግዲህ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው። በቅሎዋን መልከኛው ወሰዷት፣ ሰውየውን ደግሞ ከደብዳቤ ሥራ አውጥተው ለሚቀጥለው መስቀል ሩጫ ሊቀልቡት ወሰዱት።

መልከኛው ምድርና ገባር የተሰጣቸው፣ ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ድምፅ ያላቸው ሰው ነበሩ። ስለ ሯጭ ምግብ ከማን እንደተማሩ አላውቅም፣ ከማንም አልተማሩም ብል ይቀለኛል። ለጉልበቱ መቅኔ፣ ለትንፋሹ የበግ ሳንባ፣ ለልቡ ልብ ይበላ አሉ። ጎህ ሲቀድ ቅቤ የቀለጠበት ማር በዋንጫ፣ ረፋድ ላይ ጥሬ ሥጋ፣ ቀትር ላይ ዶሮ፣ ከቀትር በኋላ «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ ጠጅ፣ ማታ እንደገና ጥሬ ሥጋ። ፍልሰታ ገብቶ ግቢው ሁሉ ሲጾም እንኳ ለሱ ከቄሱ ፈቃድ ተጠየቀለት። ቄሱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ያን ሳምንት ግን ከወትሮው አንድ እንስራ ማር አብልጬ ሸጫለሁ። በዚህ ሁሉ መካከል መቼ ይሮጥ ነበር ብትሉኝ፣ አንድ ቀን ዶሮ ሲያባርር አይቼዋለሁ። ዶሮዋ አመለጠች።

የተከለከለውስ! ቦይና ክልክል ነው። «ሥር የሚበላ ሰው እግሩ ሥር ይሰዳል» ይሉ ነበር መልከኛው፣ በከዘራቸው መሬቱን እየወጉ። በቆሎ የበቅሎ ምግብ ነውና ክልክል። ጎመን ውሃ ነውና ክልክል። ቆጮ እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ ክልክል። ባጭሩ አገሩ ሁሉ የሚኖርበት ምግብ ለሯጭ መርዝ ሆነ። እኔ በዚያ ግቢ በር ላይ ማሬን ይዤ ተራዬን ስጠብቅ የማየው ግን ሌላ ነው። የሱን ሥጋ ተሸክሞ፣ የሱን ቅቤ ተሸክሞ፣ ሥጋው ለሚጠበስበት ቀን እንጨት ተሸክሞ ያንን ዳገት ሳያርፍ የሚወጣው ሁሉ ቦይና በል ነበር። ሯጩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይመለከታቸዋል። አንዳንዴም «ቀስ በሉ እንጂ፣ አቧራ አታስነሱ» ይላል።

ቅቤው ከየት ይመጣል? ከገባር ነዋ። «የሯጭ ቅቤ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። መጀመሪያ ከየቤቱ አንድ ጭብጥ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ሁለት ሆነ፣ ነሐሴ ላይ ቁጥሩ ጠፋ። ምክንያቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ ሯጩ በበላ ቁጥር ይከሳል። በከሳ ቁጥር ይጨመርለታል። እኔም እስቅ ነበር፣ ማሬንም እሸጥ ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ከጉኑኖ መንገድ የምትመጣ አንዲት ወላይታ የቅቤ ደንበኛ ነበረችኝ። ባሏ የኔን አሞሌ ጨው ተሸክሞ ጉኑኖ የሚያደርስ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። መስከረም በጠባ በሦስተኛው ቀን ትልቅ ማሰሮ በጀርባዋ አዝላ መጣችና ሱቁ ውስጥ ገብታ አወረደችው። አፉ በእንሰት ቅጠል ታስሯል።

«ኢሻ፣» አለችኝ፤ በነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። «ይሄን አንተ ጋ አስቀምጥልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«የአሥር ሴት ዓመት ነው።»

ገባኝ። ወላይታ ዘመን የሚለውጠው በጊፋታ ነው፤ በዓሉ ከመስቀል ጋር ተቀራርቦ ይመጣል። ለዚያ ቀን ወንዶቹ የበሬ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቅቤ። አሥር ጎረቤቶች ሆነው በየሳምንቱ ከየጓዳቸው አንዳንድ ጭብጥ እያመጡ፣ ከታመነችው ሴት ቤት ባለ አንድ ማሰሮ ይጨምራሉ። ልጅ ቢታመም አይነካም፣ እንግዳ ቢመጣ አይነካም። የጊፋታ ቡላ የሚታሸው፣ የልጆቹ ራስ የሚቀባው፣ አማት የምትከበረው በዚያ ነው። የታመነችው እሷ ነበረች። ማሰሮው ቢጠፋ ዘጠኝ ሴቶች ፊት ምን ብላ ትቆማለች?

«ለምን እዚህ አመጣሽው?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«ምስለኔው ጓዳ ይገባል። ‹ሯጩ ከሳ፣ ጨምሩ› ይላል። ጎረቤቴ አልጋ ሥር ደበቀች፣ አሽትቶ አወጣው። አፍንጫው የጅብ ነው።»

«እዚህስ አያሸት?»

«ነጋዴ ቤት ቅቤ ቢሸት ማን ይደንቀዋል?»

ይህን አሳብ እኔ ባስበው ደስ ባለኝ ነበር። ማሰሮውን ከአሞሌው ክምር ኋላ ከተትኩት። ከጊፋታ በፊት ባለው የገበያ ቀን ልትወስደው ተስማማን። ያ ቀን ደግሞ የዘንድሮው ሩጫ ቀን ነው።

ከሩጫው በፊት ባለው ቀን ማለዳ ምስለኔው መጣ። ምስለኔ ማለት የመልከኛው ወኪል፣ ገባሩ ላይ የሚላክ ሰው ነው፤ ይሄኛው አጭር፣ ላብ የማያጣው፣ ጌታውን ከእግዜር አብልጦ የሚፈራ ነበር። ገና ሳይቀመጥ አፍንጫው ሠራ።

«ቅቤ አለህ።»

«ነጋዴ አይደለሁ?»

«አይ፣ ይሄ ያደረ ነው። ቅመም የገባበት ነው።» አሞሌውን ገፋ አድርጎ አየ። «ውይ! ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የደንበኛ።»

«የማን ገባር የሆነ ደንበኛ?»

ሚዛኔን መጥረግ ጀመርኩ።

«ስማ ነጋዴ፣» አለ፣ «ጌታዬ ይሙት፣ ማን ደበቀ ብዬ አልጠይቅህም። ነገ ጠዋት ሯጩ ለሩጫው ሳይነሳ አቅልጠን እናጠጣዋለን። ይሄ ማሰሮ ከገባለት ይበርራል። እምቢ ካልክ ደግሞ ማር የሚሸጥ አንተ ብቻ አይደለህም።»

አልዋሽም፣ መዘንኩት። በአንድ በኩል የዓመት የማር ገበያ፣ በሌላ በኩል አሥር ሴቶች። የነጋዴ ሚዛን ወዴት እንደሚያጋድል የታወቀ ነው።

«ነገ ጠዋት ና ውሰድ» አልኩት።

ሄደ። እኔ ግን ሥራ እምቢ አለኝ። አንዱን ደንበኛ ጨው ላጎድልበት ሄጄ አብዝቼ ሰጠሁት፤ ይህ በኔ ላይ ደርሶ አያውቅም። ከቀትር በኋላ የቀረ ማር ማድረሻ ነው ብዬ ወደ መልከኛው ግቢ ወጣሁ። 

ሯጩ ዛፍ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጦ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ነበር። ብቻውን።

«ና ነጋዴ፣ ቅመስ» አለኝ።

«የናንተን ሥጋ እንደማልበላ ታውቃለህ።»

«ዕድለኛ ነህ።»

ሯጭ እንዲህ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ተቀመጥኩ። «ምነው? አልጣፈጠህም?»

«ይጣፍጣል። ግን አይሞላም። እየበላሁ ይርበኛል፣ ተኝቼ ይርበኛል። እየው!» ሸማውን ገለጠ። ጎኑ እንደ አሮጌ ቅርጫት ነው፤ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል። «ትናንት እስከ ወንዙ ሮጥኩና ተቀመጥኩ። ማንም አላየኝም።»

«ኮሶ የጠጣኸው መቼ ነው?»

«አልጠጣሁም። ጌታዬ ከልክለዋል። ኮሶ ጉልበት ይሰብራል፣ ከመስቀል በኋላ ትጠጣለህ ብለውኛል።»

እንግዲህ ይታያችሁ! በአገራችን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት እንዳለበት የማያውቅ ሕፃን የለም። መልከኛው ራሳቸው ቀናቸውን አያሳልፉም። ክረምቱን ሙሉ በሬ ያስቆረጡትን ሰው ግን ኮሶ ከለከሉት፣ እንዳይደክም! ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ምን ያስቅሃል?»

«የምትበላው አንተ አይደለህማ፣ ወዳጄ።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ትሉ ነው።»

ቢላውን አጎዛው ላይ ጣለ። እኔ በልቤ እቆጥር ነበር። ገባሩ ለመልከኛው ይገብራል፣ መልከኛው ለሯጩ ይገብራሉ፣ ሯጩ ለትሉ ይገብራል። በዚያ ክረምት በዚያ አገር ከትሉ በላይ ሹም አልነበረም። አሁን ደግሞ የአሥር ሴት ጊፋታ ሊገበርለት ነው።

«ነገ ብሮጥ መንገድ ላይ እወድቃለሁ፣» አለ ሯጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቀር ያስገርፉኛል።»

ያን ጊዜ ነው አሳቡ የመጣልኝ። «ኮሶ የጠጣን ሰው ማን ይጠራዋል? ዳኛ እንኳ ‹ኮሶ ጠጥቷል› ከተባለ ችሎቱን ያሳድራል። ነገ ጎህ ሳይቀድ ጠጣና ተኛ። ጌታህ ይጮኹ ይሆናል እንጂ ኮሶ የጠጣ ሰው አስገረፉ መባልን አይደፍሩም።»

በዚያ ዓመት እሱን ሲፈጥን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ኮሶ አለህ?» አለኝ፣ ቃሌን ሳልጨርስ። ከሱቅ አምጥቼ ሰጠሁት፣ በነጻ። በነጋዴነት ዘመኔ በነጻ የሰጠሁት ዕቃ እሱ ነው፤ ደግሞም እጅግ የተከበረ ሹም የሻርኩበት።

በማግስቱ ገና ጀንበር ሳትሞቅ ምስለኔው እየሮጠ መጣ። ደንበኛዬና ባሏ ቀድመውት ደርሰው ነበር። እሷ ውስጥ ማሰሮዋን ልታዝል ገመድ ታስተካክላለች፤ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከቤት ያመጣውን ቀዝቃዛ ቦይና በዳታ እያጠቀሰ ይበላል፤ ዳታ በቃሪያና በዝንጅብል የሚፈጭ፣ አፍ የሚያቃጥል ነገር ነው።

«ጠጣው!» አለ ምስለኔው ራሱን ይዞ። «ጠጣው እኮ!»

«ማን? ምኑን?» አልኩ።

«ሯጩ ኮሶውን! ግድግዳ ይዞ ያቃስታል። ጌታዬ ‹ሰው አምጣ፣ ያለ ሯጭ ገዢው ፊት አልቀመጥም› ብለውኛል። በዚያ ላይ አንተ ትናንት ቅቤውን ና ውሰድ ብለኸኝ…» ማሰሮዋን ስታዝል ሴትዮዋን አያት። እሷም እኔን አየችኝ። ገመዷን አጠበቀች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቶሎ ብዬ በመካከል ገባሁ። «ኮሶ የጠጣ ቅቤ አይጠጣም። ስለዚህ ቅቤው አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ሰው ነው። ሰው ብሰጥህስ?»

«የታል?»

ደጃፉን አሳየሁት። ባልየው ቦይናውን እያላመጠ ቀና አለ።

«ይሄ? ሥር የሚበላው?»

«ይሄ ከኔ አሞሌ ጋር በሳምንት ሁለቴ ጉኑኖ ይደርሳል። ዛሬ አሞሌውን ታወርድለታለህ። ከሮጠ ማሰሮው ከቤቷ ይገባል፣ ከዚያች ቤት የሯጭ ቅቤ አይጠየቅም። ማል።»

«ጌታዬ ይሙት!» አለ። በጌታው ሞት እንዲህ ፈጥኖ ሲምል አይቼው አላውቅም።

ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዞራ በቋንቋቸው ብዙ ተናገረች። ባልየው አንድ ጊዜ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ምስለኔው እጁን ይዞ፣ «ና መጀመሪያ ማርና ቅቤ ጠጣ፣ ሥጋም አለ» ቢለው፣ ባልየው በተሰባበረ አማርኛ «ሆድ አሁን ሞላ ከሆነ፣ ማን ይሮጣል?» አለ። ተነሥቶ እጁን በቅጠል ጠረገ፣ ሄደ።

ሰባት ሯጮች ተነሡ። አምስቱ የሰባ በሬ የሚያህሉ፣ ቅቤ ራሳቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ናቸው፤ ለካስ እብደቱ የኛ መልከኛ ብቻ አልነበረም፣ አምና አሸንፈው ሲቀልቡ ያየ ሁሉ ቀልቦ ኖሯል። እነሱም ኮሶ ተከልክለው እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሁለቱ ገና ዳገቱ ላይ ተቀመጡ ተባለ። አንዱ ከጉኑኖ በበቅሎ ተመለሰ። ሴትዮዋ ገበያው ዳር ማሰሮዋን በሁለት እግሯ መካከል አድርጋ ቁጭ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሳችም፣ ከኔም ጋር አልተነጋገረችም። የምስለኔ መሐላ የሚጸናው ባሏ ካላሳፈራቸው እንደሆነ ገብቷታል።

ከቀትር በኋላ አንድ ቀጭን ልጅ እግር፣ የሌላ ሹም እረኛ፣ በቀለብ እጥረት የተረሳ ይመስላል፣ ቀድሞ ገባ። ከኋላው የሴትዮዋ ባል፣ ክንዱ ላይ ቀይ ክር፣ ጀርባው ጎበጥ ብሎ፤ አሞሌ አለመሸከሙን የረሳ ይመስላል። ሁለተኛ ወጣ። የቀሩት የመጡት የእንግዶቹ ጠጅ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ጠጅ ይቀዘቅዛል ወይ አትበሉኝ፣ ያን ያህል ቆዩ።

መልከኛው ደስ አላቸው። በገዢው ፊት አስጠሩት፣ በገዛ ቢላቸው ከብርንዶው ቆርጠው ጉርሻ ዘረጉለት። ባልየው በሁለት እጁ ተቀበለና አልጎረሰውም፤ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ጠቀለለው።

«ምን ታደርጋለህ?» አሉት።

«ቤት።»

«ቤት ምን?»

«ቤት ሰው አለ፣ ጌታዬ።»

ተሣቀ። መልከኛውም ሣቁ፣ ቀጥለው ግን ከዘራቸውን አነሡ። እኔ በቅርብ ቆሜ ነበርና ቃሉን ሰምቻለሁ። አሁን ይገባቸዋል፣ አሁን ያ ሁሉ ቅቤ ከንቱ እንደነበር በገዛ ዓይናቸው አይተዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይታያችኋል?» አሉ ወደ እንግዶቻቸው ዞረው። «ይሄ በሥር ሁለተኛ ከወጣ፣ በቅቤ ቢሆን ምን ሊሆን ነበር! ከመስቀል በኋላ ግቢዬ ይግባና ይቀለብ።»

እንግዶቹ ሁሉ እውነት ነው አሉ። ሆድ የሚያስብበት ጉባኤ እንዲህ ነው።

የዚያ ዓመት ማሰሮ ከቤቷ ገባ። ጊፋታ ላይ ዘጠኙ ሴቶች መጥተው በድርሻቸው ወሰዱ፤ አንዲት ጭብጥ አልጎደለችም ሲሉ ሰማሁ። እኔ አልተጠራሁም። መቼስ ስጠራም የማልበላ ሰው ነኝ፣ ግን ሌላ ጊዜ ቢያንስ ይጠሩኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ገበያ ሴትዮዋ ያንኑ ማሰሮ ባዶውን፣ አዲስ ታጥኖ፣ ይዛ በሱቄ በር አለፈች። አዲሱን ዓመት ጀምረዋል ማለት ነው። ጠራኋት።

«ባልሽስ? ምስለኔው ይፈልገዋል።»

«ሃላሌ ወረደ፣ ከወንድሙ ጋር ሊያርስ። ለምስለኔው ሲመለስ ይበላል በለው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ጌታው መቀለብ ሲሰለቸው።»

ምስለኔውም ብዙ አልጠበቀም። የድሮው ሯጭ ኮሶው ለቆት፣ ፊቱ ጠርቶ፣ ጥላው ሥር ያለው አጎዛ ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር። ትሉም ብዙ ሳይቆይ እንደሚመለስ አልተጠራጠርኩም።

እጄን ወደ ማሰሮው ዘረጋሁ። «አምጪው፣ ያው ቦታ አስቀምጥልሻለሁ።»

ወደ ኋላ አለች። «ወንዙን ተሻግሮ አማቴ ቤት ነው የሚቀመጠው። እዚያ ሌላ መልከኛ ነው፣ ሯጭ የለውም።»

«እኔ ጋ ምን ሆነ? ተርፎልሽ የለም?»

«ተርፏል፣» አለች። «አንተ ግን ሰጥተኸው ነበር።»

ኢሻ አላለችኝም። ማሰሮዋን አዝላ በገበያው መካከል ሄደች። እኔም ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ፤ ምስለኔው የላከው የማር እንስራ ሊሞላ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅቤ የሚያመጡልኝ ሌሎች ሆኑ። የሚያመጡት ማሰሮ ከላይ ቅቤ፣ ከታች ሊጥ ነበር። አንድም ቀን አልተከራከርኩም።